በአንድ የሥዕል መጽሐፍ ሴራን ማስተማር

የ2ኛ ክፍል ተማሪ የሰማውን ተረት መልሶ እንዲናገር ሲጠየቅ ብዙውን ጊዜ በ«ከዚያ» ይጀምራል፣ በ«ከዚያ» ይቀጥላል፣ በ«ከዚያ» ይጨርሳል። «ሴትየዋ ሄደች፤ ከዚያ አንበሳውን አየችው፤ ከዚያ ሥጋ ሰጠችው፤ ከዚያ ወደ ቤቷ ተመለሰች» ይላል። ቅደም ተከተሉን ስላልሳተ መምህሩም «ጎበዝ፣ አጨብጭቡለት» ብሎ ወደ ሌላው ልጅ ያልፋል። ልጁ የተናገረው ግን የድርጊቶችን ሰልፍ እንጂ ሴራውን፣ ማለትም ድርጊቶቹ በምክንያትና በውጤት የተያያዙበትን መንገድ፣ አይደለም። ሴትየዋ ወደ አንበሳው ለምን እንደሄደች፣ ሥጋውን ለምን እንደሰጠችው፣ ባትሰጠው ኖሮ ምን ይከተል እንደነበር ከንግግሩ ውስጥ ፈልገን አናገኝም።

እንግሊዛዊው ደራሲ ኢ. ኤም. ፎርስተር እ.ኤ.አ. በ1927 ይህን ልዩነት በአጭር ምሳሌ አሳይቷል። ንጉሡ ሞተ፣ ከዚያ ንግሥቲቱ ሞተች ቢባል ታሪክ ብቻ ነው፤ ንጉሡ ሞተ፣ ንግሥቲቱም በሐዘን ምክንያት ሞተች ቢባል ግን ሴራ ይሆናል። በአማርኛ ጉዳዩ አንድ ተጨማሪ ችግር አለው። ቋንቋችን ድርጊቶችን በቦዝ አንቀጽ እየደረደረ፣ «ተነሥታ፣ ሥጋ ገዝታ፣ ጫካ ገብታ፣ አንበሳውን ጠብቃ» እያለ፣ አንድም ምክንያት ሳይናገር ረጅም መንገድ መሄድ ይችላል። አዋቂ አድማጭ የተዘለለውን ምክንያት ከራሱ ይሞላል። የ8 ዓመት ልጅ ግን ሊሞላውም ላይሞላውም ይችላል፤ አረፍተ ነገሩ በሁለቱም በኩል ያማረ ስለሚሆን መምህሩ የትኛው እንደሆነ መለየት ያዳግተዋል።

የሥዕል መጽሐፍ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። በአንዱ ገጽና በሚቀጥለው መካከል ምን ጊዜም ያልተሳለ ነገር አለ። በፊተኛው ገጽ ሴትየዋ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች፤ ገጹ ሲገለጥ ከአንድ ሽማግሌ ፊት ቆማለች። ከደጃፉ እስከ ሽማግሌው ያለውን ሠዓሊው ትቶታል፤ ልጁ ሁለቱን ሥዕሎች እያየ «ለምን ሄደች?» ለሚለው ጥያቄ በራሱ ቃል መልስ ማበጀት አለበት። ንባብ ገና ያልጠናለት ልጅም ይህን አንባቢ ከሆነው ጓደኛው እኩል ሊሠራው ይችላል።

ከዚህ በታች የቀረበው አሠራር ለ2ኛና ለ3ኛ ክፍል የታሰበ ሲሆን የ40 ደቂቃ አራት ክፍለ ጊዜዎችን፣ አንድ መጽሐፍን፣ ሲባጎንና ጥቂት ካርቶንን ይጠይቃል።

መጽሐፉን ስለ መምረጥ

ሥዕል ያለበት የልጆች መጽሐፍ ሁሉ ሴራ የለውም። ፊደልን፣ ቁጥርን፣ ቀለማትን ወይም የቤት እንስሳትን የሚያስተዋውቁ መጻሕፍት ለሌላ ትምህርት ጥሩ ናቸው፤ ለዚህኛው ግን አይሆኑም፤ ገጾቻቸውን ብናቀያይራቸው የሚበላሽ ነገር የለምና። ቀላሉ መመዘኛ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ሥዕል ጎን ለጎን አድርጎ ማየት ነው። በሁለቱ መካከል አንድ ሰው ወይም አንድ እንስሳ ተለውጦ ከሆነ፣ ለውጡም የመጣው አንድን ነገር ፈልጎ፣ እንቅፋት ገጥሞት፣ ደጋግሞ ሞክሮ ከሆነ መጽሐፉ ይሠራል።

የሥዕል መጻሕፍት ብዙውን ጊዜ 32 ገጽ የሚሆኑት አንድ ትልቅ ወረቀት ታጥፎ 8 ወይም 16 ገጽ ስለሚወጣው ነው። የርእሱና የመሳሰሉት ገጾች ሲቀነሱ ለታሪኩ 14 ያህል ጥንድ ገጾች ይቀራሉ፤ ይህም አንድ ልጅ በአእምሮው ሊይዘው የሚችል መጠን ነው። ከዚህ ያነሰ ቢሆን ችግር የለውም፤ ቢበዛ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ አይመከርም። መጽሐፍ የማግኘት ችግር ላለበት ትምህርት ቤት፣ አፍሪካን ስቶሪቡክ የተባለው ድረ ገጽ በአማርኛ የተዘጋጁ አጫጭር የሥዕል መጻሕፍትን በነፃ እንዲታተሙ ፈቅዶ ያቀርባል።

መጽሐፍ ጨርሶ ካልተገኘ መምህሩ ራሱ ሊሠራው ይችላል። እኔ በግሌ ይህን መንገድ የምመርጠው፣ 60 ልጆች ባሉበት ክፍል የአንድ መጽሐፍ ሥዕል ከሦስተኛው ረድፍ በኋላ ስለማይታይ ነው። በዚህ ጽሑፍ እንደ ምሳሌ የምጠቀመው ብዙዎቻችን ከልጅነታችን የምናውቀውን፣ በተለያየ መልክ የሚነገረውን የአንበሳ ጢም ተረት ነው። ሚስቱ የሞተችበትን ሰው ያገባች ሴት የእንጀራ ልጇ አልቀርብ ይላታል፤ ምክር ፍለጋ ወደ አንድ ጠቢብ ሽማግሌ ትሄዳለች፤ እሱም በሕይወት ካለ አንበሳ ጢም ቆርጣ እንድታመጣ ያዛታል። ሴትየዋ ለአንበሳው በየቀኑ ሥጋ እያስቀመጠች፣ በየቀኑም ጥቂት በጥቂት እየቀረበች ታላምደውና ጢሙን ቆርጣ ትመለሳለች። ሽማግሌው ጢሙን እሳት ውስጥ ጥሎ፣ አንበሳውን እንደቀረበችው ልጁንም እንድትቀርበው ይነግራታል።

ይህን በአሥር ካርቶኖች ላይ መሣል ይቻላል። (1) ልጁ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ፣ እሷ በሩ ላይ፤ (2) ልጁ ያቀረበችለትን ሳህን ሲገፋ፤ (3) ሴትየዋ ሽማግሌው ፊት፤ (4) በመንገድ ላይ አንድ ወንዝ ስትሻገር፤ (5) ሥጋውን ከሩቅ ጥላ ስትሸሽ፤ (6) ሥጋውን አስቀምጣ ጥቂት ራቅ ብላ ስትቆም፤ (7) አንበሳው አጠገቧ ተኝቶ ሲበላ፤ (8) ጢሙን ስትቆርጥ፤ (9) ሽማግሌው ጢሙን እሳት ውስጥ ሲጥል፤ (10) ልጁና ሴትየዋ ከአንድ ሳህን ሲበሉ። የሥዕል ችሎታ አያስፈልግም። ሰዎቹ ክብ ራስና መስመር ብቻ ቢሆኑም ፊታቸው ወዴት እንደዞረ በግልጽ መታየት አለበት፤ ብዙው ምክንያት ያለው እዚያ ነውና። 4ኛው ሥዕል ሆን ተብሎ የገባ ነው፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

በነገራችን ላይ፣ ታሪክን በተከታታይ ሥዕል መንገር ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። የንግሥተ ሳባንና የንጉሥ ሰሎሞንን ታሪክ በረድፍ በተደረደሩ፣ ብዙውን ጊዜ 44 በሚሆኑ ትንንሽ ሥዕሎች የሚያሳየውን ባህላዊ ሥዕል በየስጦታ ዕቃ መደብሩ ያላየ የለም። በአቅራቢያው የሚገኝ መምህር ከዚያ ላይ ሦስት ወይም አራት ሥዕል መርጦ ማሳየት ይችላል።

የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ፦ ሳያነቡ ማየት

ልጆቹን በተቻለ መጠን ከዴስክ አስነሥተው በግማሽ ክብ ያስቀምጧቸው። «ተረት ተረት» ሲሉ «የላም በረት» ብለው ይመልሱ። ከዚያ ምንም ሳያነቡ ሥዕሎቹን አንድ በአንድ ያሳዩ፤ በእያንዳንዱም ላይ ሁለት ነገር ብቻ ይጠይቁ፦ «ምን ታያላችሁ?» እና «ይህ ለምን የሆነ ይመስላችኋል?»። የተሳሳተ መልስ አያርሙ። አንዱ ልጅ ሽማግሌውን «አያቷ ነው» ቢል፣ ሌላው «ሐኪም ነው» ቢል ሁለቱንም ይቀበሉ፤ የትኛው እንደሚያስኬድ ቀጣዩ ሥዕል ራሱ ይፈርዳል። 7ኛው ሥዕል ላይ ሲደርሱ ያቁሙና ቀሪዎቹን ገልብጠው ያስቀምጡ። ቀጥሎ ምን እንደሚሆን ልጆቹ ለጎረቤታቸው ይንገሩ።

ከዚህ በኋላ ታሪኩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ ያለ አንድም ጥያቄ፣ ያንብቡት ወይም ይንገሩት። በየገጹ ቆሞ ጥያቄ መጠየቅ የተለመደ ቢሆንም በመጀመሪያው ንባብ ላይ ይህን አልደግፍም፤ በየሁለት ደቂቃው የሚቋረጥ ተረት ልብ አይሰቅልም፤ ልቡ ያልተሰቀለ ልጅ ደግሞ በኋላ ስለ ጡዘት፣ ማለትም የታሪኩ ውጥረት ጫፍ ስለሚደርስበት ቦታ፣ ብንነግረው የምንናገረው ነገር አይገባውም። ሲጨርሱ «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ብለው ይዝጉ። የዚያን ዕለት ሌላ ሥራ አይስጡ።

ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ፦ ሲባጎውና ካርዶቹ

የትምህርቱ ዋና ክፍል ይህ ስለሆነ ጊዜ ከጠበበ ከሌሎቹ ቀንሰው ለዚህ ይስጡ። ሲባጎውን ከግድግዳ ግድግዳ ወጥረው ሥዕሎቹን በልብስ መቆንጠጫ በቅደም ተከተል ያንጠልጥሉ። በተለየ ካርቶን ላይ ደግሞ ሦስት ዓይነት ካርዶች ይዘጋጁ፤ በአንዱ ዓይነት «ከዚያ»፣ በሁለተኛው «ስለዚህ»፣ በሦስተኛው «ነገር ግን» ይጻፍ። የልጆቹ ሥራ በሁለት ሥዕሎች መካከል የትኛው ካርድ እንደሚሰቀል መወሰንና ምክንያቱን ሙሉ አረፍተ ነገር አድርጎ መናገር ነው።

ከ1ኛው ወደ 2ኛው ሥዕል ምን ይገባል? ሴትየዋ ልጁን መቅረብ ፈለገች፣ ነገር ግን ልጁ ሳህኑን ገፋ። ከ2ኛው ወደ 3ኛው፦ ልጁ ስለገፋት፣ ስለዚህ ምክር ፍለጋ ሄደች። በመጀመሪያ ልጆቹ ሁሉም ቦታ ላይ «ከዚያ» መስቀል ይፈልጋሉ፤ ስሕተት ስላልሆነ ስሕተት ነው አይበሏቸው። «ከዚያ» የሚለውን ካርድ በእጅዎ ይዘው «ይህ ይሠራል፤ ከዚህ የሚበልጥ ግን አለን?» ብለው ይጠይቁ። ጥቂት ቦታ ከተሞከረ በኋላ ልጆቹ ራሳቸው «ከዚያ»ን መናቅ ይጀምራሉ። 5ኛውና 6ኛው ሥዕል መካከል ጥሩ ክርክር ይነሣል፤ ሴትየዋ በመጀመሪያው ቀን ሸሽታ ነበር፣ በሌላው ቀን ግን ራቅ ብላ ቆመች፤ ለምን? አንዱ «ስለለመደች» ይላል፣ ሌላው «አንበሳው ስለለመዳት» ይላል። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ ዋናው ነገር ሁለቱም «ስለ» ብለው መጀመራቸው ነው።

ቀጥሎ የማንሣት ጨዋታ ይደረጋል። ልጆቹ ዓይናቸውን ሲጨፍኑ አንድ ሥዕል ያንሡና «ታሪኩ ተሰበረ ወይስ አልተሰበረም?» ብለው ይጠይቁ። 3ኛው ቢነሣ ይሰበራል፤ ወደ ጫካ የምትሄድበት ምክንያት ይጠፋል። 6ኛው ቢነሣ ልጆቹ መጀመሪያ «ምንም አልሆነም» ይሉና ጥቂት ቆይተው አንዱ «ታዲያ በሁለተኛው ቀን እንዴት አልበላትም?» ማለቱ አይቀርም። 4ኛው፣ ማለትም ወንዙ ሲነሣ ግን ምንም አይሰበርም። ሥዕሉ የገባው ለዚህ ነበር። ወንዙ ታሪኩን ሊያሳምር ይችላል፤ ሴራውን ግን አይሸከምም። ይህን በቃል ከማስረዳት ይልቅ ካርቶኑን አንሥቶ ማሳየት እጅግ ይቀላል።

አንድ ጥያቄ መዘንጋት የለበትም። 7ኛው ሥዕል ላይ ሲደርሱ «ልጁ የት አለ?» ብለው ይጠይቁ። አብዛኛዎቹ በአንበሳው ተወስደው የእንጀራ ልጁን ረስተውታል፤ የታሪኩ ችግር ግን ከመጀመሪያው ጀምሮ ልጁ እንጂ አንበሳው አይደለም። አንበሳው ችግሩ የሚፈታበት መንገድ ነው። ከ1ኛው ሥዕል እስከ 10ኛው ቀይ ክር ቢዘረጋና «ይህ ክር የልጁ ነው» ቢባል፣ መካከል ላይ ባይሳልም እንዳልጠፋ ይገባቸዋል።

ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ፦ ጡዘቱ የቱ ነው?

የታሪክን አካሄድ እንደ ተራራ አድርጎ መሣል ጀርመናዊው ጉስታቭ ፍራይታግ እ.ኤ.አ. በ1863 ስለ ድራማ ከጻፈው የመጣ ነው፤ ዛሬም በየክፍሉ ይሣላል። እኔም በመጀመሪያ የማስተማር ዘመኔ ይህንኑ ተራራ በጠመኔ ሰሌዳው ላይ ሥዬ ነበር፤ ልጆቹ በደብተራቸው ላይ ተራራውን ገልብጠው፣ ዛፍና ፀሐይ ጨምረውበት መለሱልኝ። ከዚያ ወዲህ ተራራው ከልጆቹ እጅ እንዲወጣ አደርጋለሁ። ታሪኩን እንደገና ሲነግሩ ልጆቹ ፍርሃታቸው በጨመረ ቁጥር እጃቸውን ከፍ፣ በቀነሰ ቁጥር ዝቅ ያድርጉ። አንድ ልጅ ሰሌዳው ላይ ቆሞ ጓደኞቹ እጃቸውን እስከ የት እንዳነሡ በየሥዕሉ ነጥብ ያስቀምጥ። ነጥቦቹ በመስመር ሲያያዙ ተራራው ብቅ ይላል፤ ቀጥ ያለ ሳይሆን የተንገዳገደ ተራራ ነው፤ እንዲያውም ለእውነቱ የሚቀርበው እሱ ነው።

ከፍተኛው ነጥብ አብዛኛውን ጊዜ ጢሙ በሚቆረጥበት በ8ኛው ሥዕል ላይ ይውላል፤ ጥቂት ልጆች ግን ጢሙ እሳት ውስጥ በሚጣልበት በ9ኛው ላይ እጃቸውን ከሁሉም በላይ ያነሣሉ፤ «ያን ሁሉ ለፍታ አመጣችው፣ እሱ አቃጠለው!» ይላሉ። እኔ 8ኛውን እመርጣለሁ፤ ሴትየዋ ወደ ኋላ ልትመለስ የማትችልበት ቦታ እሱ ነው፤ እሳቱ ግን የችግሩ መፍቻ መጀመሪያ ነው። ሆኖም በ9ኛው ላይ የቆመውን ልጅ «ተሳስተሃል» አልለውም፤ ምክንያቱን ከተናገረ ስለ ጡዘት ከሚገባው በላይ ተረድቷል።

ስሞቹን መስጠት የሚገባው አሁን ነው፣ ከዚህ በፊት አይደለም። «መቼት»፣ «ገጸ ባሕርይ»፣ «ግጭት»፣ «ጡዘት» ልጆቹ በእጃቸው የነኩትን ነገር መሰየሚያ ሆነው ሲመጡ ይያዛሉ። «ሴራ» በሚለው ቃል ላይ ግን ጥንቃቄ ያሻል፤ ልጆች ይህን ቃል ከሰሙት የሰሙት በክፉ ትርጉሙ፣ ሰው በሰው ላይ የሚዶልተው ተንኮል ሆኖ ነው። ይህን ከመሸሽ ይልቅ መጠቀም ይሻላል። ሴራ ይሸረባል፣ ይጎነጎናል እንላለን፤ ጠጉርም ሹሩባ ሲሠራ ይጎነጎናል። ሦስት ሲባጎ ይዘው ልጆቹ ፊት ይጎንጉኑ፤ አንዱ ፍላጎት፣ አንዱ እንቅፋት፣ አንዱ ሙከራ ይሁን። ከሦስቱ አንዱን ሲመዙት የተጎነጎነው ይፈታል። በዚህ ምሳሌ ሹሩባ የተሠሩት ልጆች ከመምህሩ የተሻሉ አስረጂዎች ይሆናሉ።

አራተኛው ክፍለ ጊዜ፦ መናገርና መሥራት

ልጆቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ታሪኩን ይነጋገሩ፤ ነጋሪው ሲናገር አድማጩ «ስለዚህ»፣ «ነገር ግን»፣ «ስለ...» የሚሉትን በሰማ ቁጥር አንድ ጠጠር ያስቀምጥ። በትልቅ ክፍል ውስጥ መምህሩ ሁሉንም ሊሰማ አይችልም፤ ጠጠሮቹን ማየት ግን ይችላል። ከዚያ አንድ ወረቀት ለአራት ታጥፎ እያንዳንዱ ልጅ ከራሱ ሕይወት የተነሣ አጭር ታሪክ ይሣል፤ የጠፋ እርሳስ፣ ያመለጠ ፍየል፣ አልሰጥም ያለ ወንድም ይበቃል። የምንገመግመው የሥዕሉን ውበት ወይም የፊደሉን ትክክለኛነት አይደለም፤ በሁለት ሥዕል መካከል ጣታችንን አስቀምጠን «ለምን?» ስንለው መልስ ካለው ሴራ አለው።

ብዙ ጊዜ ይህን ሥራ የሚያበላሸው «ከዚህ ተረት ምን ተማራችሁ?» የሚለው ጥያቄ ነው። ልጆቹ ወዲያው «ትዕግሥት ጥሩ ነው» ብለው በአንድ ድምፅ ይመልሳሉ፤ ይህን ለማለት ግን ተረቱን መስማት እንኳ አያስፈልግም። ጭብጥ ሌላ፣ ሴራ ሌላ ነው፤ ምክሩ የሚጠየቅ ከሆነ ከአራቱ ክፍለ ጊዜዎች በኋላ ይጠየቅ።

በዋሽንግተን አካባቢም ሆነ በሌላ ውጭ አገር ቅዳሜና እሑድ አማርኛ የሚያስተምሩ ወላጆችም ይህን አሠራር ሊጠቀሙበት ይችላሉ። እዚያ የተወለዱ ልጆች ምክንያቱ ገብቷቸው ሳለ ቃሉ ያጥራቸዋል፤ «ሄደች ቢኮዝ ልጁ አይበላም» ሊሉ ይችላሉ። አሳቡን መጀመሪያ ይቀበሉት፤ ከዚያ «ልጁ አልበላ ስላላት ሄደች» ብለው አስተካክለው ይድገሙት። ካርዶቹ ላይ ያሉት ሦስት ቃላት ለእነዚህ ልጆች የሴራ ብቻ ሳይሆን የሰዋስውም ትምህርት ናቸው።

በመጨረሻው ሰዓት አንድ የፊደል መጽሐፍ ወደ ክፍል ይዘው ይግቡና ልክ እንደ ተረቱ በጥሞና ገልጠው ያሳዩ። ከዚያ «ችግሩ የቱ ላይ ጀመረ? ጡዘቱስ?» ብለው ይጠይቁ። አንዳንዶች መምህራቸውን ለማስደሰት ሲሉ «አንበሳው ላይ» ይላሉ። «ቲቸር፣ ይሄ እኮ ሴራ የለውም፤ ገጹን ብንቀያይረው ምንም አይሆንም» የሚል ልጅ ከተገኘ ምክንያቱን ለክፍሉ እንዲያስረዳ ያድርጉት፤ ካልተገኘ የካርዶቹን ሥራ በሚቀጥለው ሳምንት በሌላ መጽሐፍ መድገም ያስፈልጋል።